ዲያርባክርን ፈልጎ ማጣት፦ የቱርክኛ ጽሑፍ ፍለጋ የሚሰበርባቸው ቦታዎች

ዲያርባክር በቱርክ ደቡብ ምሥራቅ ያለች ትልቅ ከተማ ናት። አንድ ሰው ስሟን በሙሉ በካፒታል ፊደል ጽፎ ቢፈልግና «ምንም አልተገኘም» ቢባል፣ ከተማዋ በክምችቱ ውስጥ የለችም ማለት ላይሆን ይችላል። ስሟ አሥር ሺህ ዜና ላይ ተጽፎም ፍለጋው ባዶውን ሊመለስ ይችላል። ችግሩ ያለው ስሟ ውስጥ ባሉት ሁለት ፊደላት ላይ ነው።

ቱርክኛ ሁለት «አይ» አለው። አንዱ ባለነጥብ ነው፣ ሌላው ነጥብ የለውም። ባለነጥቡ ካፒታል ሲሆንም ነጥቡን ይዞ ይወጣል፤ ነጥብ አልባው ትንሽ ሲሆንም ነጥብ አይጨመርለትም። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ድምፃቸውን ለመረዳት የእኛ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ያግዛል፦ ባለነጥቡ የእኛ ሣልስ ነው፣ ነጥብ አልባው ደግሞ ወደ ሳድሳችን ይጠጋል። ስለዚህ «ዲሽ» ጥርስ ነው፣ «ድሽ» ውጭ። «ሲኒር» ነርቭ ነው፣ «ስንር» ድንበር። ዲያርባክር ላይ «ዲ» ባለነጥቡን ይዟል፣ «ክር» ደግሞ ነጥብ አልባውን።

የፍለጋ ሞተር ደግሞ ጥያቄው በመጣ ቁጥር ሰነዶቹን እየገለጠ አያነብም። አስቀድሞ ጽሑፉን በቃል በቃል ይቆርጥና የትኛው ቃል በየትኛው ሰነድ እንዳለ የሚያሳይ ኢንዴክስ ይሠራል። ካፒታልና ትንሽ ፊደል እንዳይለያዩበት ሁሉንም ወደ ትንሽ ይቀይራል። የተጠቃሚውም ጥያቄ በዚያው መንገድ ይቀየርና ከኢንዴክሱ ጋር ይመሳከራል። ማመሳከሩ ፊደል በፊደል ነው፤ «ትመስላለች» የሚባል ነገር የለም።

አሁን በካፒታል የተጻፈችውን ዲያርባክር ቱርክኛን በማያውቅ መደበኛ የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ኮድ የሚሰጠው መስፈርት) ሕግ ወደ ትንሽ ፊደል እንቀይራት። ቃሉ በቱርክኛ 10 ፊደል ነው። 9ኛው ነጥብ አልባ ካፒታል በእንግሊዝኛ ልማድ ባለነጥብ ይሆናል፤ ስህተት አንድ። 2ኛው ባለነጥብ ካፒታል ደግሞ በሁለት ምልክት ይተካል፦ በተራው ትንሽ አይ እና ከላዩ በምትቀመጥ፣ የራሷ ኮድ ባላት ነጥብ (ዩ+0307)። ስህተት ሁለት። ባለ 10 ፊደሉ ቃል 11 ምልክት ሆነ። ይህቺ ትርፍ ነጥብ በስክሪን ላይ ከአይ ነጥብ ጋር ስለምትደራረብ ዓይን አያያትም፤ ፕሮግራመሩ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንድ ናቸው እኮ!» እያለ ግማሽ ቀን ሊያጠፋ ይችላል። ርዝመቱን ቢቆጥር ግን ወዲያው ይገለጥለታል።

መፍትሔው አጭር ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ ወደ ትንሽ የሚቀይረውን ትእዛዝ ከመጥራት በፊት ሁለቱን ካፒታሎች በእጅ መተካት፦ ባለነጥቡን በባለነጥቡ፣ ነጥብ አልባውን በነጥብ አልባው። በጃቫ የቱርክኛን ሎኬል (የቋንቋና የአገር ቅንብር) ለይቶ መስጠት። ሉሲን በሚባለው የፍለጋ ፕሮግራም ላይ፣ እንዲሁም በእሱ ላይ በተሠራው ኢላስቲክሰርች በሚባለው የፍለጋ ሞተር ላይ፣ ለዚሁ ብቻ የተዘጋጀ የቱርክኛ ማጣሪያ አለ፤ ተራውን አውጥቶ እሱን ማስገባት ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚያሻው የቱርክኛው ሕግ ለጽሑፍ ብቻ መሆኑን አለመርሳት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በቱርክኛ ቅንብር ላይ ሳለ የፕሮግራሙን የውስጥ ስሞች (የመስክ ስም፣ የፋይል ቅጥያ፣ የኤችቲኤምኤል መለያ) ሎኬል ሳይሰጡ ወደ ትንሽ መቀየር ተቃራኒውን ጉዳት ያመጣል፦ «ታይትል» የሚለው የእንግሊዝኛ መለያ ነጥብ አልባ አይ ይዞ ይወጣና ፕሮግራሙ የራሱን መስክ ያጣዋል። አዲስ አበባ ላይ ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም ኢስታንቡል ሲደርስ ከሚወድቅባቸው ምክንያቶች ይህ አንዱ ነው። ለውስጥ ስሞች ምንጊዜም ከቋንቋ ነፃ የሆነውን ቅንብር ተጠቀሙ።

የባዕድ ስሞችስ? ቱርክ ውስጥ «አይፎን» እና «ዋይፋይ» በማስታወቂያ ላይ በካፒታል ሲጻፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው። የቱርክኛው ሕግ እነዚህንም ነጥብ አልባ ያደርጋቸዋል፤ በትንሽ ፊደል ከሚጻፉት ጋር አይገናኙም። ለዚህ ብልሃቱ ቃሉን በሁለት መስክ፣ ማለትም በኢንዴክሱ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች፣ ሁለት ጊዜ መመዝገብ ነው። አንዱ መስክ የቱርክኛውን ሕግ በትክክል ይጠብቃል። ሌላው መስክ አራቱንም አይ (ሁለት ካፒታል፣ ሁለት ትንሽ) ወደ አንድ ያጥፋል፤ «ማጠፍ» የምንለው ይህንን ነው።

ይህ ሁለተኛ መስክ ሌላም ሥራ አለው፦ ነጥብና ጭራ ያላቸውን ሌሎች ፊደላትም ወደ ተራ ዘመዶቻቸው ያጥፋል። ቱርክ ወደ ላቲን ፊደል የገባችው በኅዳር 1 ቀን 1928 በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በወጣው 1353 ቁጥር ሕግ ነው። ፊደሉ 29 ሲሆን 8ቱ አናባቢዎች ናቸው። ከ29ኙ ውስጥ ስድስቱ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ የሉም፦ ጭራ ያላቸው የ«ች» እና የ«ሽ» ፊደላት፣ ድምፁ የሳሳው «ግ»፣ ነጥብ አልባው አይ፣ ባለሁለት ነጥቦቹ ኦ እና ኡ። ሰው ሲቸኩል በቅርብ ዘመዳቸው ይተካቸዋል። በሞባይል መልእክት ደግሞ ዋጋም ነበረበት፦ የመደበኛው ጂኤስኤም ፊደል ሰንጠረዥ ትንሹን የ«ች» ፊደል፣ የ«ሽ»ን፣ የሳሳውን «ግ» እና ነጥብ አልባውን አይ አልያዘም፤ ከእነዚህ አንዷ ስትገባ የ160 ምልክት መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። በአማርኛ መልእክት የሚልክ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። ለቱርክኛ የተለየ ሰንጠረዥ ኋላ ቢጨመርም ጣት የለመደውን አይተውም። ስለዚህ «ኢስታንቡል ውስጥ የጥርስ ሐኪም» የሚል ፈላጊ ጥርሱን በጭራው «ሽ» ፈንታ በተራው «ስ» ቢጽፈው አይገርምም።

ማጠፍ ግን ዕዳ አለው። «ሞተ» ማለት ሁለቱም አናባቢዎቹ ባለሁለት ነጥብ የሆኑበት ኦልዱ ነው፤ ነጥቦቹ ሲነሱ ያው ቃል «ሆነ» ማለት ይሆናል። «ሆነ» በየዓረፍተ ነገሩ የሚገኝ ቃል ስለሆነ፣ ስለ አንድ ሰው ሞት የሚፈልግ ሰው በ«ሆነ» ጎርፍ ይሰጥማል። «ሰለቸኝ» የሚለው ጨዋ ቃልም ነጥብ አልባዎቹ አዮች ነጥብ ሲያገኙ ወደ ብልግና ስለሚዞር፣ ጸያፍ ቃል የሚያጣራ ሥርዓት በታጠፈው መስክ ላይ ከተሠራ ንጹሐንን ያግዳል። በመሆኑም የታጠፈው መስክ መጠባበቂያ እንጂ ዋና መሆን የለበትም። ውጤቶቹን ለመደርደር መነሻ የሚሆን ክብደት፦ ለትክክለኛው መስክ 3፣ ቅጥያው ተገፎ የቃሉ ሥር ብቻ ለሚመዘገብበት መስክ (ከታች እንመጣበታለን) 2፣ ለታጠፈው 1። ከዚያ በሙከራ ይስተካከላል።

ያለ ነጥብና ጭራ የተጻፈን ቱርክኛ ወደ ትክክለኛ አጻጻፉ የሚመልሱ ፕሮግራሞችም አሉ። የኮች ዩኒቨርሲቲው ዴኒዝ ዩሬት የሠራው የታወቀ ነው፤ በፊደሉ ግራና ቀኝ ያሉትን ፊደላት አይቶ ይወስናል። ለረጅም ጽሑፍ ጥሩ ነው። ለሁለት ቃል ጥያቄ ግን ዙሪያውን የሚያይበት ነገር ስለሚያንሰው፣ ውጤቱን በጥያቄው ፈንታ ሳይሆን ከጥያቄው ጎን ማስገባቱ ይሻላል።

የቆዩ ድረ ገጾችን የሚሰበስብ ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት የሚገጥመው ሌላ ነገር አለ። ዩቲኤፍ-8 (ዛሬ የተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ) ከመስፋፋቱ በፊት የቱርክ ገጾች አይኤስኦ 8859-9 ወይም ዊንዶውስ-1254 በሚባሉ የፊደል ኮድ ሰንጠረዦች ይጻፉ ነበር። 8859-9 የምዕራብ አውሮፓው 8859-1 ግልባጭ ነው፤ ልዩነቱ ስድስት የአይስላንድኛ ፊደላት ወጥተው የቱርክኛዎቹ መግባታቸው ብቻ ነው። ገጹ ስለ ራሱ ኮድ በስህተት ካወጀ (ብዙዎቹ ያውጃሉ) «ሽ» በነበረበት የአይስላንድ ፊደል ይበቅላል። በቱርክኛ ጽሑፍ መሀል የአይስላንድኛ ፊደል በብዛት ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ገጹን በ8859-9 እንደገና አንብቡት።

ወደ ጭረቷ እንሂድ። ቱርክኛ በተጸውዖ ስምና በቅጥያው መካከል ከላይ የምትንጠለጠል ጭረት ያስገባል፦ ኢስታንቡል’ዳ (በኢስታንቡል)፣ አንካራ’ዳን (ከአንካራ)፣ 1923’ቴ (በ1923)። ለፍለጋ ይህ ስጦታ ነው፤ ስሙ የት እንደሚያበቃ ጸሐፊው ራሱ ነግሮናል። የሉሲን የጭረት ማጣሪያም ከጭረቷ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። ቀላል ነው፣ ብዙውን ጊዜም ልክ ነው። ሆኖም ቱርኮች ቁርአንን «ኩር’አን» ብለው በጭረት ይጽፉታል። ማጣሪያው «ኩር» ብቻ ያስቀራል፤ «ኩር» ደግሞ የምንዛሪ ተመን ነው። ስለ ቁርአን የጠየቀ ሰው የዶላር ዋጋ ይመጣለታል፣ የዶላር ዋጋ የጠየቀም እንዲሁ። እንዲህ ያሉትን ቃላት ከማጣሪያው በፊት በምትክ ዝርዝር ማለፍ፣ ማለትም ጭረታቸውን አንስቶ አንድ ቃል ማድረግ፣ ያድናል። ዝርዝሩ ረጅም አይሆንም። በተቃራኒው ሰዎች በችኮላ ጭረቷን ይተዋሉ፤ ያኔ ቅጥያው ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ሥራው ለሥር አውጪው፣ ማለትም ቅጥያን ገፎ የቃሉን ሥር ለሚያስቀረው ፕሮግራም፣ ይተርፋል።

ቅጥያ ለቱርክኛ ፍለጋ ዋናው ፈተና ነው። «ኤቭ» ቤት ነው። ኤቭሌር ቤቶች፣ ኤቪሚዝ ቤታችን፣ ኤቪሚዝዴን ከቤታችን፣ ኤቭሌሪሚዝዴኪሌር በቤቶቻችን ያሉት። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይደነግጥም፤ እኛም ይህን ሁሉ በአንድ ቃል እንላለን። ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው። እኛ «ከ»ን፣ «በ»ን፣ «የ»ን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ እናደርጋለን። ቱርክኛ ከጥቂት የውጭ ቃላት በቀር ሁሉንም ከኋላ ይደረድራል። የቃሉ መጀመሪያ ሁልጊዜ ሥሩ ነው።

ይህ እውነት ለአንድ የማይታመን የሚመስል አቋራጭ በር ከፈተ፦ የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ 5 ፊደላት ማስቀረትና ሌላውን መጣል። በቢልኬንት ዩኒቨርሲቲ ፋዝል ጃን እና ባልደረቦቹ በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህን በደንብ ፈትኖታል። የተጠቀሙት ከሚሊዬት ጋዜጣ የተሰበሰቡ 408,305 ዜናዎችንና 72 ጥያቄዎችን ነው። ባለ 5 ፊደሉ ቅንጫቢ፣ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ይዞ ሥር ከሚያወጣው ውስብስብ ዘዴ ጋር ተቀራራቢ ውጤት ሰጠ። እንደ «እና» ያሉ አዘውታሪ ቃላትን ከኢንዴክስ ማስወጣትም የሚታይ ለውጥ አላመጣም። የሉሲን የመቀንጨቢያ ማጣሪያ ሳይነኩት 5 ላይ የቆመው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ኢላስቲክሰርች ላይ ግን ያልተነካው ቁጥር 10 ስለሆነ 5 ብላችሁ ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ።

አምስት ለምን? በአጭሩ፣ በአራት ብዙ የማይዛመዱ ቃላት ይጋጫሉ፣ በስድስት ደግሞ ቅጥያ ሾልኮ ይገባል። ኤኮኖሚ፣ ኤኮኖሚክ፣ ኤኮኖሚስት ሁሉም በአምስት ላይ አንድ ይሆናሉ። ይህ የምንፈልገው ነው። (ቆጠራው በቱርክኛው ፊደል እንጂ በእኛ አይደለም።)

ነገር ግን አማካይ ውጤት ጥሩ ነው ማለት የእናንተ ተጠቃሚ ጥያቄ ላይ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የሚሰበርባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

«ባሽካን» ሊቀመንበር ነው፤ 6 ፊደል። ሲቀነጨብ «ባሽካ» ይሆናል፤ «ባሽካ» ደግሞ በራሱ «ሌላ» የሚል በየቦታው ያለ ቃል ነው። «ቴሌፎን» ወደ «ቴሌፍ» ይወርዳል፤ «ቴሌፍ» ጥፋት፣ የከብት እልቂት የመሰለ ነገር ነው። ሪፐብሊክ (ጁምሁሪዬት) እና ርእሰ ብሔሩ (በ«ጁምሁር» የሚጀምረው ስሙ) አንድ ይሆናሉ፤ ለፖለቲካ ዜና ክምችት ይህ ከባድ ነው።

በሌላ ወገን አጫጭር ሥሮች አይድኑም። «ኤቭ» ሁለት ፊደል ስለሆነ በአምስት ውስጥ ሦስት ፊደል ቅጥያ ይቀራል፤ ኤቭሌር፣ ኤቭዴ፣ ኤቪሚዝ ሦስት የተለያዩ ቃላት እንደሆኑ ይኖራሉ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን መጽሐፍ ነው። «ኪታፕ» በትክክል 5 ፊደል ነው። ከዐረብኛ የመጣና መጨረሻው «ብ» የነበረ ቃል ነው፤ የእኛው «ክታብ» ዘመድ። ቱርክኛ ቃል በ«ብ» ሲያልቅበት ወደ «ፕ» ያጠነክረዋል፤ አናባቢ ሲከተለው ግን «ብ» ተመልሳ ትመጣለች፦ ኪታፕ፣ ኪታብም (መጽሐፌ)። በአምስት ሲቀነጨቡ አንዱ በ«ፕ» ሌላው በ«ብ» ያልቃሉ፤ አይገናኙም። ከተማም (ሼሂር) እንዲሁ፦ «ከተማዬ» ሲባል «ሼህሪም» ይሆናል፣ የመሀሉ አናባቢ ይዋጣል። ወደ አራት ብንወርድ ኪታፕ ይድናል፤ ነገር ግን በታጠፈው መስክ ላይ «ኪታ» የሚለው ቅንጫቢ «ክታ» ከሚለው አህጉር ጋር ይጋጫል፣ ነጥብ ብቻ ነበር የሚለያቸው።

በመቀንጨብ ጊዜ ቁጥሮችን ማሳለፍ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። የቱርክ ባርኮዶች በ868 ወይም በ869 ይጀምራሉ። በአምስት አሃዝ ከተቀነጨቡ የሚለያቸው ሁለት አሃዝ ብቻ ይቀራል፤ አንድ ዕቃ የፈለገ ሰው መጋዘኑን በሙሉ ያገኛል። ማጣሪያውን ፊደል ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርጉት። የዲያርባክር በሽታም እዚህ ላይ ይከፋል፦ በካፒታል የተጻፈች ኢስታንቡል በተሳሳተው ሕግ ትንሽ ስትደረግ ትርፏ ነጥብ ከአምስቱ ቦታ አንዱን ትይዛለች፤ ቅንጫቢው አንድ ፊደል ያጥረዋል፣ ከትክክለኛውም አይገጥምም። የፊደል ለውጡ ሳይስተካከል ስለ ሥር መጨነቅ ከንቱ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ከመቀንጨብ ከፍ ያለው ደረጃ በሕግ የሚሠራው የስኖውቦል ሥር አውጪ ነው። የስም ቅጥያዎችን ከኋላ እየገፈፈ ይሄዳል፣ የአናባቢ ስምምነትን (የቅጥያው አናባቢ ከሥሩ አናባቢ ጋር እንዲስማማ የሚያደርገውን ሕግ) ይጠብቃል፣ በመጨረሻም የላላውን ተነባቢ ያጠነክራል፤ «ብ»ን ወደ «ፕ»፣ «ድ»ን ወደ «ት»። ኪታብም ወደ ኪታፕ የሚመለሰው በዚህ ነው። ግሦችን ግን አይነካም፤ «እየመጣሁ ነው» እና «አልመጣም» ተለያይተው ይቀራሉ። ደግሞም ሕጎቹ የተጻፉት ነጥቡና ጭራው ባልተነካ ቱርክኛ ላይ ስለሆነ ከማጠፊያው በኋላ ካስቀመጣችሁት ግማሹን ቅጥያ አያውቀውም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቃል መቁረጥ፣ ጭረት ማንሳት፣ በቱርክኛ ሕግ ወደ ትንሽ መቀየር፣ ሥር ማውጣት፣ ማጠፍ ካለ በመጨረሻ። ጥያቄውም በዚያው መስመር፣ በዚያው ተራ ይለፍ።

ሙሉ ሰዋስዋዊ ትንተና የሚፈልግ ዜምቤሬክ የሚባለውን ነፃ የጃቫ ቤተ መጻሕፍት ይሞክር። በዩኒቨርሲቲዎቹ በኩል መሠረቱን የጣለው ኬማል ኦፍላዜር በ1994 ያሳተመው ባለሁለት ደረጃ ትንተና ነው። የእነዚህ ችግር አለማወቅ ሳይሆን ማብዛት ነው። «ኮዩን» የሚለውን ቃል ስጧቸው፦ በግ ነው። ደግሞም «የባሕረ ሰላጤው» ነው። ደግሞም «ባሕረ ሰላጤህ»። «አስቀምጡ» የሚል ትእዛዝም ነው። «ብብት፣ ጉያ»ም ነው። የቱ እንደሆነ የሚነግረው ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰነዱ ዓረፍተ ነገር አለው፣ አንድ ቃል የጻፈ ፈላጊ ግን የለውም። ሰነዱ ላይ አንዱን፣ ጥያቄው ላይ ሌላውን ከመረጠ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይተነትን ቢቀር ይሻል ነበር። የእኛ አስተያየት፦ ክምችቱ የዜና ዓይነት ከሆነ በአምስት ፊደል ጀምሩ፣ የግጭት ዝርዝር ያዙ፤ የሕግ ወይም የሕክምና ጽሑፍ ከሆነ ብቻ የትንተናውን ዋጋ ክፈሉ።

በቃሉ ፊደል ሳይሆን በፍቺው የሚፈልጉት አዳዲስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ይህን ሁሉ ያስቀራሉ የሚል አለ። በከፊል ልክ ነው፤ ቃልን በቁርጥራጭ ስለሚያነቡ ኪታፕና ኪታብም ተቀራርበው ይቀመጡላቸዋል። ግን ካፒታል በማይለየው ዓይነታቸው ጽሑፉን መጀመሪያ ወደ ትንሽ ፊደል ይቀይራሉ፤ በተለመደው ቅንብር ነጥቦቹን ሁሉ የሚያነሱም አሉ። ያኔ ሞተና ሆነ ከሞዴሉ ደጃፍ ላይ ይደባለቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ በዙሪያው ቃላት መገመት ብቻ ነው የሚቀረው። ለቱርክኛ ካፒታል የሚለየውን ዓይነት መምረጥ ይመረጣል።

ሥርዓቱ መሥራቱን ለማወቅ በትልቅ ፈተና መጀመር አያስፈልግም። የጽጌረዳ አገር የምትባለውን እስፓርታን ውሰዱ፤ ስሟ በነጥብ አልባው ይጀምራል። በአራት መንገድ ፈልጓት፦ ሙሉ በካፒታል፤ በትንሽ ፊደል ግን በባለነጥቡ አይ፣ የውጭ ሰው እንደሚጽፋት፤ «እስፓርታ’ዳ» ብላችሁ ከነጭረቷ፤ ያለ ጭረት ቅጥያውን አጣብቃችሁ። የመጀመሪያዎቹ 10 ውጤቶች በአራቱም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ከወደቀ የፊደል ለውጡን፣ ሁለተኛው ከወደቀ የታጠፈውን መስክ፣ ሦስተኛው የጭረት ማጣሪያውን፣ አራተኛው ሥር አውጪውን ወይም መቀንጨቢያውን ተመልከቱ። ከዚያ ቁርአንን፣ ባሽካንን፣ ኪታብምን፣ አንድ ባርኮድንና ዲያርባክርን ጨምሩበት። ማጣሪያ በተቀየረ ቁጥር ኢንዴክሱን ከሥር ጀምሮ እንደገና ሥሩት፤ አሮጌው ኢንዴክስ በአሮጌው ሕግ ተጽፎ ሳለ ጥያቄው በአዲሱ ከመጣ ትናንት ይገኝ የነበረው ዛሬ ይጠፋል።